ባክቴሪያን የሚመክት ክር፦ ከዝዋይ ሸማኔ እስከ ካይቶሳን ፋሻ

ጥጥ፣ እንጉዳይ፣ የጢንዚዛ ቅርፊትና የባሕር ሣር በአንድ ነገር ይዛመዳሉ። አካላቸውን አጽንቶ የያዘው በረጅሙ የተቀጣጠሉ የስኳር ሞለኪውሎች ሰንሰለት ነው፤ የሳይንስ ስሙም ፖሊሳካራይድ ነው። በጥጥ ውስጥ ያለው ሰንሰለት ሴሉሎስ፣ በእንጉዳይና በጢንዚዛ ውስጥ የሚገኘው ካይቲን፣ በቡናማው የባሕር ሣር ውስጥ ያለው አልጂኔት ይባላል። ሦስቱም ወደ ክር ሊለወጡ ይችላሉ። ምንም መድኃኒት ሳይጨመርበት ባክቴሪያን የሚመክት ክር የሚወጣው ግን ከካይቲን ነው፤ እሱም ካይቶሳን ወደሚባል ቅርጽ ከተለወጠ በኋላ። ይህን ክር ለማግኘት ሁለት ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በኢትዮጵያ በኩል ታሪኩ ከአክሱም ዘመን ጥጥ ተነሥቶ በአርሲ የስንዴ ማሳና በአሰላ ሆስፒታል ያልፋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በናይል ሸለቆ በነበሩት በኖባ ሰዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ ሠራዊቱ ካጠፋው ሀብት መካከል የእህልና የጥጥ ክምችት ተጠቅሷል። በናይል ሸለቆ የነበረው ጥጥ በዚያ ዘመን ከእህል እኩል የሚቆጠር ሀብት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ምዕተ ዓመታት ሽመና በኢትዮጵያ ብዙ ቦታ ሥር ሰደደ። ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ የዝዋይ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በአርሲ በኩል የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ይዋሰነዋል፤ የወረዳው ዋና ከተማ ኦጎልቾም የአርሲ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚወርድበት፣ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ትገኛለች። በሐይቁ ደሴቶች ላይ የኖሩት የዛይ ሰዎች ከዓሣ ማጥመድና ከእርሻ ጎን ለጎን ሽመናን መተዳደሪያቸው አድርገው ቆይተዋል። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያ ድሩ ተደርቶ ማጉ ይገባል። ለብዙ ዘመን ከዚህ መንገድ የወጣ ልብስ የበረታውንም የታመመውንም ሰው አልብሷል፤ ቁስልም ታስሮበታል።

ጥጥ ለቁስል የሚመረጥበትና የሚፈራበት ምክንያት አንድ ነው። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው አካሉ ሴሉሎስ ነው። እያንዳንዱ የሴሉሎስ ስኳር ውሃ የሚስቡ ሦስት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ስላሉት ጥጥ ላብንና ደምን ፈጥኖ ይመጥጣል። ይኸው እርጥበት ከሰውነት ሙቀትና ከላብ ጋር ሲደመር ለባክቴሪያ ምቹ መኖሪያ ይሆናል። ሴሉሎስ ባክቴሪያን የሚጎዳ ምንም ነገር የለውም። ስለዚህ የጥጥ ልብስ ንጽሕና ሲጠበቅ የኖረው ከውጭ በሚመጣ ነገር ነው፤ በፈላ ውሃ፣ በፀሐይ፣ በጢስ። በአርሲ የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የእንጨት ጢስ ፌኖል የሚባሉ ውሁዶች ስላሉት ወተቱን የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን ያዘገያል። አያቶች ይህን በልምድ ያውቁት ነበር። አውሮፓ የዚሁኑ ዘር ኬሚካል በቁስል ጨርቅ ላይ ማፍሰስ የጀመረችው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው።

ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ማንም ከጨርቅ ጋር ያላያያዘው ግኝት ተገኝቶ ነበር። በ1811 በፈረንሳይ ናንሲ ከተማ የዕፅዋት ማሳያ ሥፍራ ኃላፊ የነበረው ኦንሪ ብራኮኖ እንጉዳይን በአልካሊ ቀቅሎ የማይሟሟ ቅሪት አገኘ። በ1823 ኦዲዬ የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ዓይነት ነገር በጢንዚዛ የክንፍ ሽፋን ውስጥ አግኝቶ ካይቲን ብሎ ሰየመው። በ1838 አንሰልም ፓየን ከዕፅዋት ሴሉሎስን ለየ። ቀጥሎም በ1843 ላሴኝ የተባለ ተመራማሪ በካይቲን ውስጥ ናይትሮጅን እንዳለ አሳየ። ይህ የመጨረሻው ግኝት ለዚህ ታሪክ ከሁሉም ይበልጣል። ሴሉሎስና ካይቲን በአቀማመጣቸው እጅግ የሚመሳሰሉ ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ስኳር ላይ በአንድ ቦታ ብቻ ይለያያሉ። ሴሉሎስ ሃይድሮክሲል ባለበት ቦታ ካይቲን ናይትሮጅን የያዘ ቡድን አለው። ጥጥ የሌለው መከላከያ የተቀመጠው እዚያች ነጥብ ላይ ነው።

በ1859 ሩዤ የተባለ ተመራማሪ ካይቲንን በተከማቸ ፖታሽ አፍልቶ በአሲድ የሚሟሟ አዲስ ነገር አገኘ። በአልካሊው ኃይል የናይትሮጅኑ ቡድን ሽፋኑ ተገፎ ባዶውን አሚን ቡድን ትቶ ነበር። በ1894 ጀርመናዊው ፌሊክስ ሆፐ-ዛይለር ይህን ነገር ካይቶሳን አለው። ሩዤም ሆነ ሆፐ-ዛይለር የነኩት ነገር ባክቴሪያን እንደሚያስወግድ አላወቁም ነበር፤ ባክቴሪያ በሽታ እንደሚያመጣ የሚያስረዳው ትምህርትም በ1859 ገና አልጸናም።

ያ ትምህርት ሲጸና የሕክምና ጨርቅ ታሪክ ተለወጠ። በ1867 ጆሴፍ ሊስተር በግላስጎው በካርቦሊክ አሲድ የተነከሩ ጨርቆችን በቁስል ላይ መጠቀሙን አሳተመ። የካርቦሊክ አሲድ ሌላ ስሙ ፌኖል ነው። በ1880 ሳምፕሰን ጋምጂ ቅባቱ ወጥቶ የሚመጥጥ የሕክምና ጥጥን በሁለት ጎዝ መካከል አድርጎ አቀረበ። ከ1896ቱ የዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ ቁስለኞችን ለማከም ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የአውሮፓ የቁስል ሕክምና የደረሰበት ደረጃ ይህ ነበር። ከዚያ ልዑክ የተወለደው ሥራ በኋላ በአዲስ አበባ ለተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መሠረት ሆነ። በዚያ ዘመን ጨርቅ ተሸካሚ ብቻ ነበር። ባክቴሪያውን የሚገድለው በላዩ የተጫነው መርዝ ነው፤ መርዙ ሲታጠብ ወይም ሲተን ጨርቁ ወደ ተራ ጥጥነቱ ይመለሳል። ካርቦሊክ አሲድ ደግሞ የታካሚውንም ሥጋ የሚያቃጥል ነበር።

ክርን በፋብሪካ ከፈሳሽ የማውጣት ጥበብም በዚሁ ጊዜ አደገ። በ1884 በሐር ትል በሽታ ምርምር የፓስተር ተማሪ የነበረው ፈረንሳዊው ኢሌር ደ ሻርዶኔ ከሴሉሎስ ሰው ሠራሽ ሐር የማውጣት የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1892 እንግሊዛውያኑ ክሮስ፣ ቤቫንና ቢድል ቪስኮስን ፈጠሩ። ሴሉሎሱን በኮስቲክ ሶዳና በካርቦን ዳይሰልፋይድ አሟሟቱት። የወፈረውን ፈሳሽ እጅግ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ባሉት የብረት ጫፍ ወደ አሲድ ገንዳ ሲገፉት ወዲያው ረግቶ ክር ሆነ። በ1905 ኮርቶልድስ የተባለው ኩባንያ በኮቨንትሪ ይህን ለገበያ ማምረት ጀመረ። ካርቦን ዳይሰልፋይድ ግን መርዛማ ስለሆነ የብዙ ሠራተኞችን ነርቭ ጎድቷል። ማሟሟት፣ በቀዳዳ መግፋትና በገንዳ ማርጋት የሚሉት ሦስት እርምጃዎች ለካይቶሳን ክርም መንገድ ሆኑ።

ለካይቲን ክር የመጀመሪያው ሙከራ በ1926 ታየ። ኩኒኬ የተባለ ተመራማሪ ካይቲንን በአሲድ አሟሙቶ ክር አወጣ። በ1929 ወጣቱ ስዊሳዊ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን በዙሪክ የዶክትሬት ሥራው ላይ የቀንድ አውጣ የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ተጠቅሞ የካይቲንን አወቃቀር አጠና። በ1936 ሪግቢ የሚባል የዱፖንት ኩባንያ ተመራማሪ ካይቶሳን የሚዘጋጅበትን፣ ክርና ስስ ሽፋንም የሚወጣበትን መንገድ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በዚያው ሁሉ ነገር ሊያድግ የሚችል ይመስል ነበር። ነገር ግን በ1938 ያው ዱፖንት ኩባንያ ናይለንን ለዓለም አስተዋወቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፔኒሲሊን ሆስፒታሎችን አጥለቀለቀ። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣ ርካሽና ጠንካራ ክር ሲገኝ፣ ባክቴሪያንም የሚገድል መድኃኒት ሲኖር፣ ከሸርጣን ቅርፊት ክር መፍተል ትርጉም ያጣ ጉዳይ ሆነ። የካይቶሳን ክር ለሠላሳ ዓመት ያህል በፈጠራ መዝገብ ውስጥ ብቻ ቀረ።

በእነዚሁ ዓመታት ኢትዮጵያ የቁስል ጨርቅ እጥረት ምን እንደሚያስከትል በራሷ ላይ አየች። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በሐምሌ ወር 1935 ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአውሮፕላን የተረጨው የሰናፍጭ ጋዝ በባዶ እግሩ የሚዘምተውን ሠራዊት አቃጠለ። ይህ ቃጠሎ ውሃ እየቋጠረ የሚፈነዳ፣ ለረጅም ጊዜ የሚመግል ቁስል ነው። የነበረው ግን ጎዝ፣ ፋሻና ቅባት ብቻ ነበር። የመርዝ ጋዝ ጉዳት የሚያስከትለው ቁስል ንጹሕና እርጥበቱን የሚጠብቅ መሸፈኛ ይፈልጋል። ይህ ዓይነቱ መሸፈኛ በዚያ ጊዜ በዓለም ላይ ገና አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው ከባሕር ሣር ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ስታንፎርድ በ1881 ከስኮትላንድ ጠረፍ ሣር አልጂኔትን አውጥቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ስፒክማንና ቻምበርሌይን ከዚህ ክር የመፍተልን ሥራ በ1944 አሳተሙ። በ1947 ቀዶ ሐኪሙ ጆርጅ ብሌይን አልጂኔት በሰውነት ውስጥ ተውጦ የሚጠፋና ደም ለማቆም የሚረዳ መሆኑን ዘገበ። ካልሲየም የያዘው ክር ከቁስል ፈሳሽ ጨው ጋር ሲገናኝ ካልሲየሙን በሶዲየም ይለውጥና ወደ ለስላሳ ጄል ይለወጣል። በ1962 ጆርጅ ዊንተር በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ጥናት እርጥብ የተጠበቀ ቁስል ከደረቀ ቁስል ፈጥኖ እንደሚድን አሳየ። ይህ ግኝት ቁስልን አድርቆ ቅርፊት እንዲያወጣ የማድረግን የቆየ ልማድ ገለበጠው። አልጂኔት ግን ባክቴሪያን በራሱ አይገድልም። በኋላ ዘመን አምራቾቹ ብር እየጨመሩበት ነው ለዚህ ዓላማ ያዋሉት።

የኢትዮጵያ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች በዚሁ ጊዜ እየበዙ ነበር። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ በ1939፣ የባሕር ዳሩ በ1961 ተቋቋሙ። በ1963 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ፤ ከዚህ ተቋም የጨርቃጨርቅ ትምህርት አድጎ በመጨረሻ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆነ። በአርሲ በኩል በ1967 የስዊድንና የኢትዮጵያ መንግሥታት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትን በአሰላ አቋቋሙ። ከአሰላ በስተሰሜን ያለው የቁሉምሳ ምርምር ጣቢያም ለስንዴና ገብስ ዝርያ ማዕከል ሆነ። በ1984 የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በዚያ ወቅት የጨርቁ ምርምርና የእህሉ ምርምር በየፊናቸው ሄዱ። በዓለምም እንደዚሁ ነበር፤ ካይቲንን ከሁለቱም ጋር የሚያገናኘው መንገድ ገና አልተከፈተም።

መንገዱን የከፈተችው ጃፓን ናት። የጃፓን የባሕር ምግብ ፋብሪካዎች የሚጥሉት የሸርጣንና የሽሪምፕ ቅርፊት ጠረፉን ይበክል ስለነበር፣ በ1971 ቅርፊቱን ወደ ካይቲንና ካይቶሳን የሚለውጥ የፋብሪካ ሥራ ተጀመረ። በ1977 የካይቲንና ካይቶሳን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በቦስተን ተካሄደ፤ ሁለተኛው በ1982 በሳፖሮ። ከሁለቱ ጉባኤዎች መካከል፣ በ1979፣ አላንና ሃድዊገር የተባሉ ተመራማሪዎች ካይቶሳን ፈንገስን እንደሚያግድ አሳተሙ። ቀጥለው የመጡ ጥናቶች ባክቴሪያንም እንደሚጎዳ አረጋገጡ።

አሠራሩ ይህ ነው። ካይቶሳን ደካማ አሲድ በሆነ አካባቢ ሲሆን አሚን ቡድኖቹ ሃይድሮጅን ተቀብለው አዎንታዊ ቻርጅ ይይዛሉ። የባክቴሪያ ሴል ውጫዊ ገጽ ደግሞ አሉታዊ ቻርጅ አለው፤ ግራም-አዎንታዊ በሚባሉት ባክቴሪያዎች ቲኮይክ አሲድ፣ ግራም-አሉታዊ በሚባሉት ሊፖፖሊሳካራይድ ይህን ያመጣል። ሁለቱ ሲሳሳቡ ካይቶሳኑ በሴሉ ላይ ይለጠፋል፤ የሴሉ ሽፋን ይናጋል፣ በውስጡ ያለው ነገርም ወደ ውጭ ይፈስሳል። ጥንካሬው የሚወሰነው ከካይቲን ሽፋኑ ምን ያህል እንደተገፈፈ፣ ሰንሰለቱ ምን ያህል እንደረዘመና የአካባቢው የአሲድነት መለኪያ፣ ማለትም ፒኤች፣ ምን እንደሆነ ነው። የአሚኑ ግማሽ ያህል ቻርጅ የሚይዝበት ፒኤች 6.5 አካባቢ ነው። የሰው ላብ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች ስለሚሆን ለካይቶሳን ይመቻል። የቆየ ቁስል ፈሳሽ ግን ከ7 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ እዚያ ላይ ካይቶሳን ኃይሉ ይዳከማል። ኬሚስቶች ይህን ለማስተካከል ናይትሮጅኑ ምንጊዜም ቻርጅ እንዲይዝ የሚያደርግ ኳተርናሪ ካይቶሳን ፈጠሩ።

ክሩን ለማውጣት የሚያስፈልገው ነገር ከቪስኮስ ጋር ሲነጻጸር የዋህ ነው። ካይቶሳኑ በ2 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ፣ ተሟሙቶ እስኪወፍር ይተዋል። ፈሳሹ ተጣርቶ አየሩ ይወጣለታል፤ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ወደ ኮስቲክ ሶዳ ገንዳ ይገፋል፤ አሲዱ ኃይሉን ሲያጣ ካይቶሳኑ እንደ ክር ይረጋል። ከዚያ ይታጠባል፣ ይወጠራል፣ ይደርቃል። ካርቦን ዳይሰልፋይድ አያስፈልግም። ችግሩ ክሩ በእርጥበት ጊዜ መድከሙና ዋጋው መወደዱ ነው። ስለዚህ ጃፓኖቹ ሁለት መንገድ ያዙ። ዩኒቲካ ኩባንያ በ1988 ከካይቲን የተሠራ የቁስል መሸፈኛ ለገበያ አቀረበ። ሌሎች ደግሞ ካይቶሳንን እጅግ ደቃቅ አድርገው ፈጭተው ከቪስኮስ ፈሳሽ ጋር በመቀላቀል ለውስጥ ልብስና ለሕፃናት ልብስ የሚሆን ክር ፈተሉ። ሜቲሲሊን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋመው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በሆስፒታሎች መስፋፋቱም ፍላጎቱን አበረታ።

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የካይቶሳን ሕይወት ከሕክምና ማስታወሻዎች ወጥቶ ወደ ጦር ሜዳ ገባ። በኅዳር 2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሄምኮን የተባለውን የካይቶሳን ፋሻ ፈቀደ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊትም በኢራቅና በአፍጋኒስታን ተጠቀመበት። ፋሻው ደም የሚያቆመው የካይቶሳኑ አዎንታዊ ቻርጅ አሉታዊ ቻርጅ ያላቸውን ቀይ የደም ሴሎች ስቦ ስለሚያጣብቅ ነው። በ2010ዎቹ በቻይና ሻንዶንግ ግዛት ንጹሕ የካይቶሳን ክር በፋብሪካ ደረጃ ተመረተ። በዚህ ጊዜ ክሩ ከተራ ምርምር ወጥቷል፤ ዋጋው ግን ከጥጥ ጋር የሚወዳደር አልሆነም።

በአርሲ በኩል ካይቲን በጨርቅ ሳይሆን በማሳ ላይ ነበር የታወቀው፤ ስሙ ግን ዋግ ነበር። የስንዴ ዋግ ፈንገስ ነው፤ የሴሉ ግድግዳም ካይቲን ይዟል። በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ተስፋፍቶ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የሚባለውን ዝርያ መታ። በ2013 እና 2014 ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የሚባለውን ዝርያ አጠፋ። በሁለቱ መካከል፣ በ2012፣ ከቁሉምሳ ከወጡት አዳዲስ የስንዴ ዝርያዎች አንዱ ኦጎልቾ ተብሎ በዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ስም ተሰየመ። የስንዴ ተክል ከዋጉ ግድግዳ የሚፈርሰውን የካይቲን ስብርባሪ በሴሎቹ ላይ ባሉ ተቀባዮች ያውቀዋል፤ ሲያውቀውም ካይቲንን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ያመነጫል። በብቅል ፋብሪካ በሚበቅለው ገብስ ውስጥም ያው ዓይነት ኢንዛይም ይገኛል። ለጨርቅ ባለሙያው የማሳ ጠላቱና የክሩ ጥሬ ዕቃ አንድ ሞለኪውል መሆኑ ብዙ ነገር ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ካይቲን የሚገኘው ከባሕር ብቻ አይደለም።

ይህ ለኢትዮጵያ ዋነኛ ነጥብ ነው። አገሪቱ ባሕር ስለሌላት የባሕር ሸርጣንና ሽሪምፕ የላትም። ከዝዋይ የሚወጣው የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊትም ለዚህ አይሆንም፤ የዓሣ ቅርፊት ኮላጅንና ማዕድን እንጂ ካይቲን አይደለም። የሚቀረው ፈንገስና ነፍሳት ናቸው። በ1954 ፋይኮማይሴስ በተባለው ፈንገስ ግድግዳ ውስጥ ተፈጥሮ ራሷ ካይቶሳን እንደምታዘጋጅ ታውቋል። ሙኮርና ሪዞፐስም ከዚያ ወገን ናቸው። በማብላያ ገንዳ የሚያድግ ፈንገስ ወቅትና ባሕር አይፈልግም፤ ከእህል ብክነትና ከስንዴ ገለባ የተገኘ ስኳር ሊመግበው ይችላል። ከ2019 እስከ 2021 ኢትዮጵያን የወረረው የአንበጣ መንጋም ቅርፊቱ ካይቲን ነበር፤ በወረርሽኝ ላይ የተመሠረተ ኢንዱስትሪ ግን አይጸናም፤ ጥሬ ዕቃው በየዓመቱ ይገኛል ብሎ ማንም ሊምል አይችልም።

ጥሬ ዕቃው ቢገኝም የሥራው ኬሚስትሪ ቀላል አይደለም። ቅርፊቱ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማዕድኑ ይወጣለታል፤ በሳሳ ኮስቲክ ሶዳ ፕሮቲኑ ይታጠባል፤ ከዚያ ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚደርስ ሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ካይቲኑ ወደ ካይቶሳን ይለወጣል። ከፈንገስ ሲወጣ ማዕድን ስለማይበዛበት የመጀመሪያው እርምጃ ይቀላል። የሚወጣው አልካሊ ቆሻሻ ውሃ ግን በየትኛውም መንገድ መታከም አለበት። የዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ የሚፈስ፣ ለጨውና ለኬሚካል በቀላሉ የሚጎዳ ሥርዓት ስለሆነ፣ ዳርቻው ላይ እንዲህ ያለ ፋብሪካ መትከል የሐይቁን ዓሣና የአካባቢውን ገበሬ ውሃ አደጋ ላይ መጣል ይሆናል። የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ፍሳሹን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንዳይለቅ ተደርጎ የታሰበው ለዚህ ዓይነት ስጋት ነው።

በኢትዮጵያ ያለው ምርምር እስካሁን የተከተለው የሚቻለውን መንገድ ነው። የባሕር ዳሩ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ንጹሕ የካይቶሳን ክር ከመፍተል ይልቅ፣ በጥጥ ጨርቅ ላይ ካይቶሳንንና የዕፅዋት ጭማቂን መጫንን ያጠናሉ። ጨርቁ በካይቶሳን ፈሳሽ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገራል። ሲትሪክ አሲድ ሲጨመርበት ሴሉሎስንና ካይቶሳንን ያስተሳስራል። በዚህ ዓይነት የተሠራ ጨርቅ ቀለምም በተሻለ ይቀበላል፤ ሪአክቲቭ ቀለም ሲገባ የሚያስፈልገውን ጨው ይቀንሳል። ድክመቱ በማጠቢያ ላይ ይታያል። ከጥቂት እጥበት በኋላ ካይቶሳኑ እየተነሣ ይሄዳል፤ የሳሙናው አልካሊም ቻርጁን ያጠፋዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚታሰር ጎዝ ይህ ችግር የለበትም፤ ስለዚህ ለኢትዮጵያ ሊታሰብ የሚገባው የመጀመሪያ ምርት ልብስ ሳይሆን ፋሻ ነው።

የፋሻው ፍላጎት በአሰላ ታይቷል። በአርሲ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን የዱሰልዶርፍ ሃይንሪሽ ሃይኔ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በአሰላ የተቋቋመው የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ በአሰላ ሆስፒታል ሕሙማን ላይ የተለመዱ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን አሳይተዋል። ካይቶሳን ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ባክቴሪያን የሚያጠቃው በሌላ መንገድ፣ በሴሉ ሽፋን በኩል፣ ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ተስፋ ይሰጣል። መድኃኒትን ግን አይተካም። ጥልቅ ቁስል ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በፋሻ አይድንም፤ ፋሻው የሚሠራው ክሩ በሚነካው ቦታ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የሚፈትነው መለኪያ ዓለም አቀፍ ነው። በ2007 የወጣው የአይኤስኦ 20743 መመዘኛ አንድ ጨርቅ ባክቴሪያን እንደሚመክት የሚያረጋግጠው በሁለት ባክቴሪያዎች ነው፤ በስታፊሎኮከስ ኦሬየስና በክሌብሲዬላ ኒሞኒዬ። ሁለቱም በሆስፒታል የታወቁ ናቸው። ባክቴሪያው በሚፈተነው ጨርቅና በተራ ጥጥ ላይ ይዘራል፤ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ካደገ በኋላ በሁለቱ ላይ ያለው ቁጥር ይወዳደራል። ልዩነቱ በሎጋሪዝም 2፣ ማለትም 99 በመቶ፣ ሲደርስ ጨርቁ ውጤታማ ነው ይባላል፤ 3 ሲደርስ ጠንካራ ውጤት አለው። ጨርቁ በተደጋጋሚ የሚታጠብ ከሆነ ሙከራው ከታጠበ በኋላ ይደገማል። ለአንድ ጊዜ ፋሻ የሚያስፈልገው ደግሞ በቁስል ፈሳሽ ፒኤች ላይ መፈተኑ ነው።